ከቁስሉ በኋላ፦ የባሌ ፈረስ ጠባሳ እንዴት ይታከማል?

ፈረስ የሚያውቅ ገዢ፣ በሮቤም ይሁን በጎባ ገበያ፣ ጥርስ ከማየቱ በፊት ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባውን ይዳስሳል። በዳማ ፈረስ ጫንቃ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ነጭ ጸጉር ካየ፣ ያን ፈረስ አንድ ጊዜ ኮርቻ በልቶታል ማለት ነው። ጸጉር የሌለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጣት ሲገፉት ከሥሩ የማይንቀሳቀስ ቆዳ ካገኘ ደግሞ ቁስሉ ከቆዳው አልፎ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ገዢው እንዲህ የሚጠነቀቀው አንዴ የገጠበ ጀርባ እንደገና ቶሎ እንደሚገጥብ ስለሚያውቅ ነው። በዚህ ማብራሪያ ጠባሳ ለምን ደካማ እንደሚሆን፣ ምን ቢደረግለት እንደሚለሰልስ፣ ቤት ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች የትኛው እንደሚጠቅምና የትኛው ፈረሱን እንደሚጎዳ እናያለን። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልናገር። የፈረስ ጠባሳ በቅባት ብቻ አይድንም። ኮርቻው፣ ጭነቱ፣ መኖው፣ ዕረፍቱና የባለቤቱ እጅ አብረው ካልተስተካከሉ የሚቀባው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ሁለንተናዊ ሕክምና የምለው ይህን ሁሉ አብሮ ማስተካከሉን ነው።

ኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ያህል ፈረስ አላት፤ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት የአገሪቱን ፈረሶች በመልክና በአካል አቋም በስምንት ሲከፍላቸው የባሌን ፈረስ ለብቻው አንድ ወገን አድርጎታል። ሌሎቹ የአቢሲኒያ፣ የሆሮ፣ የቦረና፣ የከፋ፣ የሰላሌ፣ የኦጋዴንና የኩንዱዶ ተራራ ዱር አደር ፈረሶች ናቸው። የባሌው ፈረስ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ብርድ የለመደ፣ ዳገት የማይፈራ ነው። ሰው ይጭናል፣ እህል ያጓጉዛል፣ በዲንሾና በአዳባ ዶዶላ በኩል ቱሪስት ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ሥራው ብዙ ስለሆነ ጀርባው የሚያርፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቁስሉ ከየት ይመጣል

የባሌን መልክዓ ምድር ያየ ሰው የፈረሶቹ ቁስል የት የት እንደሚወጣ ሳይነገረው መገመት ይችላል። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ መጀመሪያ ሽቅብ ወደ ሳኔቲ አምባ ይወጣል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአምባው ጫፍ መንገዱ በአንድ ጊዜ ወደ ሀረና ደን ይወርዳል። የሪራን መንደርና የቀርከሃውን ጫካ አልፎ፣ ትላልቆቹን ዛፎችና የጫካ ቡናውን አቋርጦ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሎ መና ይገባል። ረጅሙን መንገድ ዛሬ አይሱዙና አውቶቡስ ይሸፍኑታል። ከጫካው ውስጥ እስከ መኪና መንገዱ ያለውን ቡናና ማር፣ ቀርከሃና እህል የሚያመላልሰው ግን አሁንም የጋማ ከብት ነው።

ፈረሱ ዳገት ሲወጣ ጭነቱ ወደ ወገቡ ይሸሻል፤ ጠፍሩ ደረቱንና የብብቱን ቆዳ ይፈትጋል። ቁልቁል ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ጭነቱ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጫንቃው ላይ ይጫናል፤ በጅራቱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ይወጠርና የጅራቱን ሥር ይልጠዋል። በዚህ ላይ የሀረና ጉም አለ። እርጥብ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ለመላላጥም ቅርብ ይሆናል። በብርድ አገር የጠበቀ ማሰሪያ ቆላ ሲደርስ ይላላና ኮርቻው ይወዛወዛል። ስለዚህ በቁልቁለቱ መሐል ቆም ብሎ ጭነቱን እንደገና ማስተካከል ጊዜ እንደ ማባከን ሊቆጠር አይገባም። ጀርባውን የሚያተርፈው ያ ጥቂት ደቂቃ ነው።

በሮቤ ሜዳ ላይ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ደግሞ በብዛት የሚቆስለው ደረቱና ትከሻው ላይ ነው። እግሩን በናይሎን ገመድ አስረው የሚያሰማሩት ፈረስ ከሰኮናው በላይ ባለው ቀጭን ቦታ ይቆረጣል። የጅብ ንክሻ አለ፣ የሽቦ አጥር አለ፣ ሰው በጋለ ብረት የሚተኩሰውም አለ፤ ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚዘናጋው በጫና ቁስል ነው፤ ምክንያቱም ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ይመጣል። ኮርቻ አንድ ቦታ ላይ ሲጫን ከቆዳው ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ደም ያጣው ሥጋ መጎዳት የሚጀምረው ከላይ ያለው ቆዳ ደህና መስሎ ሳለ ነው። ኮርቻው ሲወርድ ደም ተመልሶ ይገባና ቦታው ያብጣል። ስለዚህ ጭነት እንደወረደ ጀርባውን ዳስሶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው እንደገና ይዳስሱ። የሞቀ እብጠት ካገኙ፣ ወይም ሲነኩት ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ከሸሸ፣ ቁስሉ ገና አልወጣም እንጂ ጀምሯል። በዚያ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት፣ እብጠቱ ጠፍቶ ሕመሙ እስኪለቀው ድረስም ምንም አይጫን። ሌላም ምልክት አለ። ፈረሱ ጀርባው በላብ ርሶ ሳለ ኮርቻው ሲነሳ አንድ ቦታ ብቻ ደርቆ ከታየ፣ እዚያ ላይ ጫናው ከመጠን በላይ ነበር።

ነጩ ጸጉርም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጫናው የጸጉሩን ሥር ሳይገድል ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ብቻ ሲያጠፋቸው ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ነገር ግን ነጭ ሆኖ።

ጠባሳ ለምን ደካማ ሆነ

ቆዳ ሲቀደድ ሰውነት መጀመሪያ ደሙን ያቆማል፤ ከዚያ ቁስሉን ከቆሻሻና ከተሕዋስያን ያጸዳል። የምናየው እብጠት፣ ትኩሳትና መግል የዚህ ጽዳት ምልክት ነው። ቀጥሎ ጎድጓዳውን የሚሞላ እርጥብ ቀይ ሥጋ ይበቅላል። የቁስሉ ጠርዝ ወደ መሐል ይሰበሰባል፣ አዲስ ስስ ቆዳም ከዳር ተነስቶ በቀን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት እየተሳበ ይከድነዋል። በመጨረሻ ውስጥ ውስጡን ጥገና ይቀጥላል። በጥድፊያ የተዘረጋው ኮላጅን የሚባለው ክር ቀስ በቀስ በጠንካራው ይተካል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከወራት እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ባለቤቱ «ዳነ» የሚለው ቁስሉ ሲዘጋ ነው። ሰውነቱ ግን ያኔ ገና መሐል መንገድ ላይ ነው። ቁስሉ ከደረሰ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አዲሱ ሕብረ ሕዋስ ያለው ጥንካሬ ከጤናማ ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላም ቢሆን ከቀድሞው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። የላብ ዕጢ የለውም፣ ጸጉር የለውም፣ እንደ ልብ አይለጠጥም። ጸጉር ለፈረስ ከኮርቻ ጋር ያለውን ፍትጊያ የሚቀንስለት የመጀመሪያው ምንጣፉ ነው። ጠባሳው ራቁቱን ነው።

ጥልቅ ቁስል ከሆነ ሌላም ነገር ይመጣል። ቆዳው፣ ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋንና ጡንቻው ቀድሞ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተቱ ነበር፤ አሁን አንድ ላይ ይጣበቃሉ። ጫንቃው ላይ እንዲህ የተጣበቀ ጠባሳ ያለው ፈረስ የፊት እግሩን ሲዘረጋ ቆዳው ይጎትተዋል። እርምጃው ያጥራል፣ አንገቱን ወደ አንዱ ጎን ማዞር ይከብደዋል፣ ቁልቁለት ላይ ያመነታል። ባለቤቱ «ሰነፈ» ይለዋል፤ ይመታዋልም። ብዙ ጊዜ ግን ፈረሱ አልሰነፈም፣ ቆዳው ይዞት ነው።

የእግር ቁስል የራሱ ጠባይ አለው። ከጉልበት በታች ሥጋ የለም፣ የደም ዝውውሩ ቀጭን ነው፣ መገጣጠሚያው አያርፍም። ቁስሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጥበብ ይልቅ ይሰፋል። ከዚያ ቀዩ ሥጋ ከመጠን አልፎ ይበቅልና ከቆዳው በላይ ይቆማል፤ አዲሱ ቆዳም ሊከድነው አይችልም። በዚህ ረገድ ለአገራችን ፈረስ የሚያበረታታ ነገር አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ትላልቅ ፈረሶችንና ፖኒ የሚባሉትን ትናንሽ ፈረሶች ሲያነጻጽር፣ የትናንሾቹ ቁስል ቶሎ ተሰብስቦ ቶሎ እንደሚዘጋ፣ ትርፍ ሥጋም እንደሚያንሰው አሳይቷል። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ፈረሶች በቁመታቸው ወደ ፖኒው የሚጠጉ ናቸው።

ክፍት ቁስል ላይ ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ

ትንሽና ለስላሳ ጠባሳ የሚገኘው በወጉ ከተያዘ ቁስል ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እዚህ ላይ እንቆይ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው 9 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይጨምሩበት፤ ለብ ሲል ቁስሉን አብዝተው ይጠቡበት። አዮዲን ካለ በውሃ አቅጥነው ቀለሙ የቀጭን ሻይ እስኪመስል ያድርጉት። የሚያረፋውን የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መድኃኒት በየቀኑ ማፍሰስ አዲሱን ሥጋም ይገድላል። ከዚያ ዝንብ እንዳያርፍበት ያድርጉ። ዝንብ ትል ብቻ ሳይሆን በፈረስ ሆድ ውስጥ የሚኖር የጥገኛ ትል እጭ እያመጣ ቁስሉን ለወራት እንዳይዘጋ ያደርጋል። ይህ ችግር ደጋው ላይ ይቀንሳል፤ ደሎ መና ሲወርዱ ይብሳል። ስለዚህ የቆሰለ ፈረስ ወደ ቆላ ባይወርድ ይመረጣል።

በየቀዬው የሚደረጉ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ ስለ እነርሱ ሳልሸፋፍን መናገር ይገባኛል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ዝንብ ያባርራል፤ ነገር ግን መርዝ ያለበት ቆሻሻ ነው፣ ሥጋውንም ያቃጥላል። የባትሪ ድንጋይ ዱቄትም እንዲሁ ነው። የተወቀጠ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ሰው ቢበላቸው መልካም ናቸው፤ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላሉ፣ ክፍት ሥጋ ላይ ደግሞ ይብሳሉ። አመድና አፈር ተሕዋስያን ይዘው ይገባሉ። እነዚህ ተሕዋስያን ከሚያመጧቸው በሽታዎች መካከል ፈረስን በፍጥነት የሚገድለው መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ እጅግ የተጋለጠ ነው። ጥልቅና ጠባብ ቁስል የደረሰበት ፈረስ በመጀመሪያው ቀን ወደ ክሊኒክ ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ቢወጋ ኪሳራ አይባልም።

በጋለ ብረት መተኮስ የዘመናት ልማድ ነው፤ የሚያደርጉትም ሰዎች እንስሳቸውን የሚወዱ ናቸው። ብረቱ ግን አንዱን ሕመም አያድንም፤ አዲስ ቁስል ይከፍታል፣ በጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨምራል። የተተኮሰ ትከሻ ያለው ፈረስ በሕይወቱ ሙሉ ያንን የተጨማደደ ቆዳ ይዞ ይጎትታል። ይህን ልማድ መተው ያለብን ይመስለኛል።

ማርስ? የሀረና ጫካ የማር አገር ነው፤ ደሎ መናም ዛፍ ላይ በሚሰቀል ቀፎ የታወቀች ናት። ማር ለቁስል የሚጠቅምበት ምክንያት በሚገባ ይታወቃል። ውሃ ስለሚስብ ተሕዋስያኑን ያደርቃቸዋል፣ ኮምጣጣነቱ አያመቻቸውም፣ በእርጥበት ሲቀጥንም ከውስጡ ጥቂት በጥቂት ተሕዋስያን ገዳይ ኬሚካል ይወጣል። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ በፈረስ እግር ቁስል ላይ ማኑካ የተባለውን የኒውዚላንድ ማር በየቀኑ ቀብቶ ሞክሯል። ማር የተቀባው ቁስል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሌላው አልሰፋም፤ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ጊዜ ግን አላጠረም። ስለዚህ ማር ረዳት ነው፣ ተአምር አይደለም። የሚጠቀም ሰው ንጹሑንና የተጣራውን ይምረጥ፤ ሰም፣ አበባና የሞተ ንብ ያለበት ማር ክፍት ቁስል ውስጥ አይገባም። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ቀብቶ ማሰርና በየቀኑ መቀየር ይሻላል። ሳይሸፈን የተቀባ ማር ዝንብና ጉንዳን ይጠራል።

ከተዘጋ በኋላ፦ የእጅ ሥራ

አሁን ወደ ጠባሳው ራሱ መጣን። ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ረግፎ፣ ቆዳው ደርቆ፣ ሲነኩት ፈረሱ ካልደነገጠ ማሸት ይጀመራል። ከዚያ በፊት ማሸት አዲሱን ቆዳ ይቀድዳል።

መጀመሪያ ይመርምሩ። ሁለት ጣት ጠባሳው ላይ አድርገው ሳይጫኑ ቆዳውን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት። ከዚያ በፈረሱ ሌላኛው ጎን፣ በዚያው ትክክል ቦታ፣ ጤናማውን ቆዳ እንዲሁ ይግፉ። ልዩነቱ በጣትዎ ይታወቅዎታል። ጠባሳው እምቢ የሚልበት አቅጣጫ የተጣበቀበት ነው፤ ሥራውም እዚያ ላይ ነው።

እጅዎን ታጥበው ጥቂት ቫዝሊን ወይም ጨው የሌለው ቅቤ ጣትዎ ላይ ያድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጠባሳውን ትተው ዙሪያውን ብቻ በትናንሽ ክብ እያደረጉ ይሹ፤ ደም ወደ አካባቢው ይመጣል፣ ፈረሱም እጅዎን ያምናል። ከዚያ ወደ ጠባሳው ይግቡ። ቆዳውን እምቢ ወዳለበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ገፍተው፣ ከተወጠረበት ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ይልቀቁ፣ ይድገሙ። በመጨረሻ የሚያዝ ከሆነ ጠባሳውን በሁለት አውራ ጣትና በሁለት ሌባ ጣት መሐል ብድግ አድርገው ያንከባልሉት። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሰዓት ሙሉ ከመታገል በየቀኑ ጥቂት መሥራት ይሻላል።

ፈረሱ ራሱ ይመራዎታል። ጭንቅላቱን ዝቅ ካደረገ፣ ከንፈሩ ከላላ፣ ካላመጠና ረጅም ትንፋሽ ካወጣ ልክ ነዎት። ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለ፣ ጅራቱን ካወናጨፈ ወይም ቆዳው ከተርገበገበ ኃይልዎን ይቀንሱ። በማግስቱ ቦታው ሞቆ ወይም አብጦ ካገኙት ትናንት አብዝተዋል፤ ሁለት ቀን ያሳርፉት።

ማሸት ጠባሳን አያጠፋም፣ የጠፋውን ጸጉርም አያበቅልም። የሚሰጠው ጥቅም ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ተላቆ እንዲንቀሳቀስ፣ ኮርቻ ሲያርፍበትም አብሮ እንዲሸሽ ማድረግ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። በየቀኑ የሚዳስስ እጅ ከዓይን ቀድሞ ሙቀትና እብጠት ያገኛል።

ማሸቱ ብቻውን ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ የላላው ቆዳ በእንቅስቃሴ ካልተለጠጠ ተመልሶ ይይዛል። ፈረሱን ያለ ጭነት በእጅ እየሳቡ ያራምዱት። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ቀስ ያለ ዳገት ላይ። መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ወይም አጠና በእርምጃ ማሻገር እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲያነሳ፣ ጫንቃውንም እንዲከፍት ያደርገዋል። ለአንገቱና ለጎኑ እፍኝ እርጥብ ሣር ይዘው አፍንጫውን ወደ ጎድኑ ያስከትሉት፤ ሳይጎትቱ፣ እርሱ ራሱ ፈልጎ እስኪዞር ድረስ። በግራም በቀኝም ያድርጉ። የሚከብደው ወገን ጠባሳው ያለበት ይሆናል፤ በሳምንታት ውስጥ ልዩነቱ እየጠበበ ሲሄድ ያያሉ።

ራቁት ጠባሳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የሳኔቲ ንፋስና የደጋ ፀሐይ ደግሞ በጣም ያደርቃሉ። ቀለም የሌለው ሮዝ ጠባሳ በፀሐይ ይቃጠላል፣ ስለዚህ በቀትር ጥላ ይፈልጋል። ስስ የቫዝሊን ቅብ ማታ ማታ ይጠቅማል። የእሬት ቅጠል ሲሰነጠቅ የሚገኘውን ንጹሕ ሙጫ መሰል ክፍል የተዘጋ ጠባሳ ላይ መቀባት ይቻላል፤ ከልጡ ሥር የሚፈሰው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን አይቀባ። ኮርቻ ከመጫኑ በፊት የተቀባው ሁሉ ይታጠብ፤ ቅባት አቧራ ይይዛል፣ አቧራውም ቆዳውን ይፍቃል።

መኖ

ቆዳ የሚሠራው ከሚበላው ነው። የሮቤና የአካባቢው ሜዳ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ከአጨዳ በኋላ ፈረሱ የሚያገኘው በብዛት ገለባ ነው። ገለባ ሆድ ይሞላል፤ ለቆዳና ለጡንቻ መሥሪያ የሚሆነው ፕሮቲን ግን እጅግ ጥቂት ነው። በገለባ ብቻ የሚኖር የቆሰለ ፈረስ ጀርባው ቶሎ አይሞላም። ከሲታ ጀርባ ላይ ደግሞ የተሻለው ኮርቻም አጥንት ያገኛል።

ስለዚህ ለሚያገግም ፈረስ በቀን ጥቂት የተልባ ወይም የኑግ ፋጉሎ፣ ጥቂት ፉርሽካ፣ ከተገኘም አልፋልፋ ወይም እርጥብ ሣር ይጨመርለት። የሚጨመረው ጥቂት በጥቂት በሳምንት ውስጥ ነው። ከባድ ሥራ ለሌለው ፈረስ ገብስ በአንዴ በብዛት ማቅረብ የሆድ ቁርጠትና የሰኮና እብጠት ያመጣል። ጓያም ለፈረስ አይሰጥም፤ ነርቩን ይጎዳል።

የባሌ አርቢዎች ከብታቸውን ሆራ፣ ማለትም ማዕድን ያለው የምንጭ ውሃ፣ እየወሰዱ የማጠጣት የቆየ ልማድ አላቸው። ጨውና ማዕድን ለማግኘት ብልህ መንገድ ነው። የገለባውን የፕሮቲን ጉድለት ግን ሆራ አይሞላም። የሆድ ትል መድኃኒትና የጥርስ ምርመራም እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ የበላውን ለትል የሚያካፍል ወይም ማኘክ ያቃተው ፈረስ መኖው ቢጨመርለትም ቆዳው ላይ አይታይበትም።

ኮርቻው፣ ክሊኒኩና ወደ ሥራ መመለስ

ጠባሳ ያለበትን ጀርባ ለማሳረፍ ብዙ ሰው ምንጣፉ ላይ በጠባሳው ልክ ቀዳዳ ይቀድዳል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ይጫንና ቆዳው በመሐል ያብጣል። የተሻለው ጭነቱ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ረጃጅም ሁለት ጥቅሎች በገለባ በደንብ ተሞልተው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በመሐላቸው የአከርካሪው አጥንት ነፋስ የሚያገኝበት ሸለቆ ይተዉ። ኮርቻው ታስሮ ሳለ ከፊት በኩል እጅዎ በጫንቃው ላይ ያለ ችግር ማለፍ አለበት። ቆዳውን የሚነካው ጨርቅ ላብ የሚጠጣ፣ የሱፍ ባና ወይም ያረጀ ጋቢ ይሁን። የማዳበሪያ ከረጢት ላብ አይጠጣም፣ ሸካራም ነው፤ ከቆዳ ጋር መገናኘት የለበትም። ምንጣፉ በየጊዜው ይታጠብ። በደረቀ ላብ የጠጠረ ጨርቅ ብቻውን ጠባሳ ይከፍታል።

የአንዱን ፈረስ ኮርቻና ምንጣፍ ለሌላው ማዋስም አደጋ አለው። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባል የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩል ይገባል፤ በዝንብና በዕቃም ይተላለፋል። በቆዳው ሥር እንደ ገመድ የተሰለፉ፣ የሚፈነዱና መግል የሚያወጡ እባጮች ይታያሉ። በአገራችን በተለይ የጋሪ ፈረሶችን ያሰቃያል፤ ብርዱ ከበረታበት ደጋ ይልቅ ሞቅ ባሉት ቦታዎች ይበዛል። ይህን ያየ ሰው ፈረሱን ከሌሎች ለይቶ ወዲያው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰድ። የድሮ ጠባሳ ላይ እንደ ኪንታሮት የሚያድግ ነገር ሲወጣ፣ የተዘጋ ቁስል ሲፈስ ወይም ጫንቃው ላይ ጥልቅ ቀዳዳ ሲታይም እንዲሁ ነው፤ እነዚህን ማሸትም ማርም አይነካቸውም። ሐኪሙን ሲያገኙ ቁስሉ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ምን እንደተቀባበት፣ የተቃጠለ ዘይትም ሆነ ብረት ቢሆን፣ ሳይደብቁ ይንገሩ። ሕክምናው በዚያ ይለወጣል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና ስፓናን የመሰሉ ድርጅቶች ለዓመታት በጋማ ከብት ቁስል ላይ ሠርተዋል።

ወደ ሥራ መመለሱ በደረጃ ይሁን። ጠባሳው ከተዘጋና ማሸቱ ጥቂት ሳምንታት ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ ባዶ ኮርቻ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይጫን፣ ሜዳ ላይ ይራመድ፣ ከወረደ በኋላም ሁለት ጊዜ ይዳሰስ። ሳምንቱ በሰላም ካለፈ ቀላል ጭነት፣ ከዚያ ቀስ ያለ ዳገት ይከተላል። ከሳኔቲ ወደ ሀረና የሚወርደው ቁልቁለት በመጨረሻ ይምጣ፣ እሱም በግማሽ ጭነት። በየትኛውም ደረጃ ላይ የጠባሳው ዳር ከሞቀ ወይም ዙሪያው ያለው ጸጉር ተሰብሮ ከተገኘ፣ ፈረሱ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለስ፤ ቡናውም አህያ ተከራይቶለት ይሂድ።